ቅቤ የተቀባችው ጠመንጃ

ሥራዬ የነጠላና የጋቢ ጫፍ መቋጨት ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሱቅ ውስጥ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር መስኮት ሥር ተቀምጠን ክር ስንፈትል እንውላለን፤ እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ጫፉ የተበተነ አሮጌ ነጠላ አምጥተው እንድቋጭላቸው ሰጡኝ። ጨርሼ ካውያ ላሳርፍበት ብዘረጋው፣ ራስ ላይ የሚያርፈው ቦታ የፀጉር ቅቤ ጠጥቶ ኖሯል፣ ብረቱ ገና ሲነካው ቀጭን ጭስ ብድግ አለ። የጋለ ብረትና የተቃጠለ ለጋ ቅቤ። ባልደረቦቼ "ኧረ አንቺ፣ ልታቃጥዪው ነው!" ብለው ሲጮሁብኝ እኔ ካውያውን በአየር ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ያንን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም፤ መጀመሪያ ያሸተትኩት ቀን ደግሞ የወጣው ከጠመንጃ አፍ ነበር።

ያደግሁት እዚሁ ጉለሌ፣ ዳገቱ ላይ፣ አራት ቤተሰብ አንድ የቆርቆሮ በር በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ የቤታችንን ግማሽ የያዘው የሽመና ዕቃው ስለሆነ እኔና እናቴ በቀረችው ግማሽ እንደ ድመት ተጠጋግተን እንኖር ነበር። ሰው ሲመጣ የምገባበት የሚጠፋኝ ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ስሜን ሲጠይቀኝ እናቴ ትመልስልኝ ነበር። ትምህርት ቤትም አስተማሪው ሲጠራኝ "አቤት" የምለው በከንፈሬ ብቻ ስለነበር፣ ስንት ቀን እያለሁ ቀሪ ተብዬ ተመዝግቤ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ጋሽ ወንድይራድና ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ይኖሩ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ጋሽ ወንድይራድ በልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ እየዞሩ የስፌት መኪና ይጠግናሉ፤ እጃቸው ሁልጊዜ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ኪሳቸው ውስጥ ሲራመዱ የሚንኳኳ ቡሎን አይጠፋም። ሌላው ሰው የሠርግ ፎቶውን በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ እሳቸው አራት ያረጁ የእንግሊዝ የአየር ጠመንጃዎች ደርድረዋል፤ የሠርጋቸው ፎቶ ከበሩ ኋላ ነበር፣ በሩ ሲከፈት የማይታይ። እትዬ በላይነሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ዘግተው ፎቶውን ያሳያሉ፣ ከዚያም "ከእኔ በፊት ያገባቸው አራት ሚስቶቹ ደግሞ እነዚያውልሽ" ብለው ወደ ግድግዳው ያመለክታሉ።

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ውስጡ ያለው ሞላ ተጨምቆ ሲለቀቅ አየር ብቻ ነው ምስር የምታክለዋን የእርሳስ ፍሬ የሚገፋት፤ ድምፁም ጣውላ በመዳፍ እንደመምታት ያለ ነው። ጋሽ ወንድይራድ አንዱን ምናለሽ ተራ ከዛገ ብረት ክምር ሥር አፈሙዙን ብቻ አይተው ጎትተው አወጡት፤ ሰደፍ ስላልነበረው ከዋንዛ ጠርበው ሠሩለት። ሁለቱን የድሮ ጌታ ቤት ዕቃ ሲበተን አገኟቸው። አራተኛዋ፣ ከሁሉም የምታንሰው በቁመት የምትበልጠው ደግሞ በዕድሜ፣ እሜቴ ነበረች። ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ከአፈሙዟ ሥር ያለውን ዘንግ ወደ ታች ሲስቡት እንደ አሮጊት ወገብ "እህህ" ትላለች፤ ብረቷ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊም ግራጫም ይሆናል። ጎኗ ላይ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረባት፣ ከጽሑፉም መሀል አንዷን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነበብኳት፤ በርሚንግሃም። ጋሽ ወንድይራድ አገሩን ሄደውበት እንደሚያውቁ ሁሉ "ጭስ የበዛበት ከተማ ነው፤ ለዚህ ነው እሷም የምታስለው" ይሉኝ ነበር።

ነፍስ ባለው ነገር ላይ አይተኩሱም። የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እያሾለቁ "ጋሼ፣ ርግቧን! ርግቧን ጣልልን!" ሲሉ "ርግቧ ምን አደረገችኝ? የእኔ ጠላት ቆርኪ ነው" ብለው ይመልሳሉ። በእርግጥም ጠላታቸው ቆርኪ ነበር። በግቢው ጥግ፣ ከድንጋዩ አጥር ፊት፣ በክር የተንጠለጠሉ የለስላሳ ቆርኪዎች ነበሩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ይቀረቀራል፣ ልጆች ከኋላቸው ይደረደራሉ፣ ቆርኪውም ሲመታ "ጭል!" ይልና ክሩ ላይ ይሽከረከራል። ያን ድምፅ ስሰማ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ፈገግ እል ነበር።

እኔን መጀመሪያ የጠሩኝ ለመርፌ ነው። አንድ ቅዳሜ የእሜቴን ማንገቻ ሊሰፉ ተቀምጠው ክሩ አልገባ ብሏቸው፣ ደጃፋችን ላይ ኩርምት ብዬ ሲያዩኝ "ማሂዬ፣ ዓይንሽን አበድሪኝ" አሉ። ሄጄ ክሩን ከተትኩላቸው። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አጠገባቸው መቀመጥ ልማድ ሆነብኝ። እሜቴን ሲያስይዙኝ "አጥብቀሽ አትያዣት፤ ጫጩት እንደያዝሽ አድርጊ። ትንፋሽሽን ግማሹን ስጫትና ግማሹን ለራስሽ አስቀሪ" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ትንፋሽ አምቆ ዝም ማለት ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ሙያዬ ስለነበር አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላው ነበር። እሳቸው ሲተኩሱ "የት ወደቀች?" ይላሉ፤ እኔ በከንፈሬ "ግራ" እላለሁ፤ እሳቸው "ኧረ ባክሽ፣ ዓይኔ ሳያንስ ጆሮዬንም ልታስጠረጥሪኝ ነው? ጮክ በይ!" ይላሉ። አንድ ቀን በጣም ሲያስጨንቁኝ "ግራ! ትንሽ ወደ ታች!" ብዬ ጮህኩ፣ እናቴ ምን ሆነች ብላ ከቤት ወጣች፣ አባቴ ሽመናውን አቆመ፤ ድምፅ እንዳለኝ ግቢው ሁሉ ያወቀው ያን ቀን ነው።

ቆርኪው እንደማይታያቸው የገባኝ በዚያው ሰሞን ነበር። ዓይናቸው ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነገር ጋርዷቸው ነበር። ስመለከታቸው አወቁብኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለደጀኔ እንዳትነግሪብኝ" አሉኝ።

ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ከታች ከወንዙ ዳር የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር፣ የጋሽ ወንድይራድ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። አሮጌ ጠመንጃ ፍለጋውን የጀመሩት አብረው ነው። እሜቴንም ያገኟት አብረው ስለነበር የማን እንደሆነች በክርክር አልተፈታም፤ ስለዚህ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አንድ ሕግ አውጥተዋል። በየዓመቱ የገና ዕለት ከምሳ በኋላ በእሜቴ ሦስት ሦስት ይተኩሳሉ፤ ያሸነፈው ወደ ቤቱ ይዟት ይሄዳል፣ እስከሚቀጥለው ገናም ግድግዳው ላይ ትከርማለች። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና፣ ያን ዕለት ሁለቱ የማይሰዳደቡት ስድብ አልነበረም። "አንተ የመርፌ ሐኪም!" "አንተ ጦር ሜዳ ወጥ ቤት የከረምክ!" ይባባላሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ለተኩሱ ሳይሆን ለስድቡ ይሰበሰብ ነበር።

"ካወቀ ያዝንልኛል" አሉኝ ጋሽ ወንድይራድ። "ካዘነልኝ ደግሞ አይሰድበኝም። ደጀኔ 'አይዞህ ወንድሜ' ያለኝ ቀን አረጀሁ ማለት ነው።" እሜቴ ከእጃቸው ብትወጣ እንኳ ይችሉት ነበር፤ ያ አይዞህ ግን አስፈርቷቸዋል።

የዚያ ዓመት ገና ሲቃረብ ሃምሳ አለቃ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሁለት ሦስት ሚኒባስ በሚያስለውጥ ቦታ ሊገቡ መሆኑ ተሰማ። መጥተው "ከገና በኋላ እንወጣለን፤ እንግዲህ ዘንድሮ ያሸነፈ ለሁልጊዜው ይውሰዳት" አሉ። ጋሽ ወንድይራድ "ግድግዳዬ ላይ እንደለመደች ትቀራለች" ብለው ሳቁ፤ ሰውየው ሲወጡ ግን እሜቴን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። እኔም ያን ቀን ወደ አባቴ ሄጄ በራሴ አንደበት አንድ ነገር ለመንኩት፤ ድሩ ተዛብቶበት ለገበያ ያልወጣ አንድ ነጠላ ነበረው። የገና ጠዋት ያንን ነጭ ነጠላ በድንጋዩ አጥር ላይ ወጥሬ፣ ቆርኪዎቹን በጥላሸት አጥቁሬ ፊቱ አንጠለጠልኳቸው። ጋሽ ወንድይራድ ወጥተው አጥሩን አዩ፣ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና ገቡ።

እኔ ነጠላውን ስወጥር እትዬ በላይነሽም በበኩላቸው አንድ ነገር አስበው ኖሯል። እሜቴ ሆድ ውስጥ አየሩን የሚገፋ ክብ ቆዳ አለ፤ እሱ እንዳይደርቅ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እየተደረገ ዘይት ይጠጣል። ያን ዓመት ጋሽ ወንድይራድ ቀዳዳዋ ስለማትታያቸው ትተውታል፤ እትዬ በላይነሽ ደግሞ ባላቸው ዘይት ማጠጣት መተዋቸውን እንጂ ለምን እንደተዉ አላወቁም። ያደጉበት አገር የደረቀ ቁርበት የሚለሰልሰው በቅቤ ነው፤ የደረቀ ራስም እንዲሁ። ስለዚህ ለበዓል ራሳቸውን ሲቀቡ ከተረፈው ለጋ ቅቤ አቅልጠው፣ ዕድሜ ልካቸውን ጣውንቴ ሲሏት የኖሩትን እሜቴን በዚያች ቀዳዳ እስኪበቃት አጠጧት።

መጀመሪያ የተኮሱት በእንግድነታቸው ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ዘንጉን ሳቡ፣ አነጣጠሩ፣ ምላጩን ነኩ። ያች ማሳል እንጂ መጮህ የማታውቅ አሮጊት "ጧ!" ብላ አጓራች። ነጭ ጭስ ከአፈሙዟ ወጣ፤ ፍሬዋ ቆርኪውንም ነጠላውንም አጥሩንም ዘልላ የጎረቤት ጣራ ላይ ስታንቃጭል ተሰማች፣ የእነሱም አውራ ዶሮ እየጮኸ ግቢያችን ገባ። ሁሉም ደነገጠ። ለካ ሲጨመቅ የጋለው አየር ሆዷ ውስጥ ያለውን ቅቤ አቀጣጥሎት ነው፤ ከዚያ ሽታው መጣ፤ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ለጋ ቅቤ።

ሃምሳ አለቃ አፈሙዙን አሸተቱ። ወደ ቤቱ ዞረው "በላይነሽ!" አሉ፣ "ጠመንጃ ነው ያስረከባችሁኝ ወይስ ሙሽራ?"

"ታዲያ ራሷ ደርቆ እያየሁ ዝም ልበል? ለዓመት በዓል!" አሉ እትዬ በላይነሽ ከደጃፋቸው፣ ፍጹም የምራቸውን። "አንተ ሚስትህን ብትቀባ ኖሮ እሷም እንዲህ ትተኩስ ነበር!"

እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትከት አየኋት። አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ወንድይራድ እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ ግን "ያቺ አትቆጠርም፤ ሌላ ተኩስ" ብለው ፈረዱ፤ ፍርዱ ምን እንደሚያስከፍላቸው እያወቁ። ቅቤው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቂት ፍሬ ወደ አፈር ተኮሱና ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ ሦስቱንም ቆርኪ አስጮኹ።

ጋሽ ወንድይራድ የመጀመሪያዋን ሲተኩሱ እኔ ራሴ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጭል! ጥቁሯ ነጥብ በነጩ ነጠላ ላይ ታይታቸዋለች። ሁለተኛዋም ጭል! አለች። ለሦስተኛዋ ሲያነጣጥሩ ግን ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች፣ ነጠላውም አመድ መሰለ። ቆዩ። አፈሙዙ ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ እሜቴን ዝቅ አደረጉና፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ማሂዬ፣ ነይ። የእኔን አንቺ ተኩሺልኝ" አሉ።

ሃምሳ አለቃ ጓደኛቸውን አዩ፣ የተወጠረውን ነጠላና በጥላሸት የጠቆሩትን ቆርኪዎች አዩ፣ ከዚያ እንደገና የጓደኛቸውን ዓይን አዩ። ሁሉም ነገር እንደገባቸው በፊታቸው ላይ አነበብኩት፤ ከንፈራቸውም "አይዞህ" ሊል የተከፈተ መሰለኝ። እሳቸው ግን በትራቸውን መሬት ላይ ቀጥቅጠው ጮኹ፤

"ፈሪ! አንተ ፈሪ! በሽምግልናህ ሴት ልጅ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅህ? ሱሪህንም ለእሷ ስጣት!"

ጋሽ ወንድይራድ ቀና ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ከትከሻቸው ላይ አንድ ኩንታል የወረደላቸው ይመስሉ ነበር። "ሱሪዬ ለአንተ ይሰፋሃል፣ ወጥ ቤት!" አሉና እሜቴን በእጄ ላይ አኖሩልኝ።

እንደ ጫጩት ያዝኳት። ግማሹን ትንፋሽ ሰጠኋት። ምላጩን ስነካ ትከሻዬን በፍቅር ገፋ አደረገችኝ፤ ጭል የሚል ድምፅ ግን አልተሰማም።

"የት ወደቀች?" አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

"ቀኝ" አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ድምፄ ግን ወጣ፤ "ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ!" ፍሬዋ ከቆርኪው አጠገብ የአባቴን ነጠላ በስታ አልፋ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ቅንጣት አልራሩም። እሜቴን በጋቢ ጠቀለሏት፣ ብብታቸው ሥር አድርገዋት እያፏጩ ዳገቱን ወረዱ። እኔ ደጃፋችን ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ጋሽ ወንድይራድ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና "አየሽው ያንን አረመኔ? ለወጉ እንኳ አላዘነልኝም እኮ" አሉ፤ ይህን ሲሉ እንዴት ደስ እንዳላቸው ልነግራችሁ አልችልም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃ ነበሩ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ በስንት ሚኒባስ፣ በብብታቸው የተጠቀለለች ነገር ይዘው። ተሳፋሪዎቹ ምንድን ነው ሲሏቸው መቋሚያ ነው እያሉ መጥተዋል። "በላይነሽ የታለች?" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ይቺ ሴትዮ ቅቤ አስለምዳት ዘይት አልጠጣም አለች። ትቀባልኝ!" እትዬ በላይነሽም ኮስተር ብለው ቅቤ አቀለጡ። ከዚያ ወዲህ እሜቴ በየወሩ ራሷ ይደርቅ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ድሮው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ሲሰዳደቡ ይውላሉ፣ ጋሽ ወንድይራድ ዓይናቸውን ታክመው አንዱ ከበራላቸው በኋላም። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃን ሸኝተው ሲመለሱ "እኔ ጋ ቀርታ ቢሆን ኖሮ በምን ሰበብ ይመጣ ነበር?" አሉኝ።

ከሁለቱ ቀድመው ያረፉት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ልጆቻቸው ያችን አሮጌ ብረት ለማን እንደሰጧት አላውቅም፤ ጋሽ ወንድይራድም እስኪሞቱ ድረስ አልጠየቁም። የቀሩት ሦስቱ ጠመንጃዎችም እሳቸው ሲሞቱ ተበተኑ። ግቢያችንም ፈርሷል፤ ቆርኪዎቹ ይንጠለጠሉበት የነበረው ቦታ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ሰው እየተቻኮለ ያልፍበታል። እትዬ በላይነሽ ሸጎሌ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ፤ ስሄድ ጥሩ አድርገው ይስሙኛል፣ ስሜን ግን አንዳንዴ ይረሱታል። እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ ክር ላይ ከተቀመጥኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ።

የቀረኝ ነጠላው ነው። አባቴ ቀዳዳውን ልሸምንልሽ ቢለኝ እንቢ አልኩት። ካውያው ቅቤውን ባስሸተተኝ ማግስት ከሳጥን አውጥቼ ወደ ሱቁ ይዤው ሄድኩና፣ ባልደረቦቼ ሲያወሩ፣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ወጠርኩት። ቀዳዳዋ ትንሿን ጣቴን እንኳ አታስገባም። ፀሐይዋ በእሷ በኩል ሾልካ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ምስር የምታክል ብርሃን ጣለች፤ እኔም ያችን ብርሃን እያየሁ፣ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳለ ሁሉ፣

"ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ!" አልኩ።

ጮክ ብዬ ነበር ለካ። ሁለቱም ክራቸውን ይዘው ዞሩ። "ማሂ፣ ምን አልሽ?" አለችኝ አንደኛዋ።

የት እንደወደቀች መንገሬ ነበር።